ስምንተኛው ሺ የዕረፍት ፈቃድ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና ወይም ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ይከፈትላችሁና ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ ጋሸና መገንጠያው ላይ፣ ወደ ላሊበላ በሚታጠፈው በኩል፣ አንድ ልጅ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጆንያ ያስራል። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አምና ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ጥያቄውን ከሰሌዳ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን በቃሉ የሚነግረኝ ዓይነት ልጅ። ዘንድሮ አልተመዘገበም።

«አንተ! ምነው ቀረህ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ በስምንተኛው ሺ ተምሬ ምን ልሆን ነው?» አለኝ ገመዱን እየሳበ።

ሹፌሩ ሳቀ። ረዳቱ ሳቀ። እውነቱን ልናገርና እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መምህሩ ነኝ እኮ! ለጥያቄው መልስ አጥቼ ከሹፌር ጋር አብሬ ስቄ ነው የመጣሁት።

በልጁ አልፈርድም። አራተኛ ክፍል ሳለ በ2012 ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ጦርነቱ ይሄን መገንጠያ የውጊያ ሜዳ አደረገው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልደግመውም። ከትምህርት ዘመኑ ስንቱን ወር በሰላም እንደተማረ ቢቆጠር ያሳዝናል። ስለዚህ ልጁ ለመቅረት ምክንያት አለው። የቤቱ ችግር ምክንያት ነው። የመንገዱ መዘጋት ምክንያት ነው። ፍርሃትም ምክንያት ነው። «ስምንተኛው ሺ» ግን ምክንያት አይደለም። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይሄንን ነው። ለማስረዳት ደግሞ ሕንድ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ታገሱኝ።

የአባቴ ሕንዳዊ መምህር

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት የሕንድ መምህራን እንደነበሩ ዕድሜያችሁ ከስልሳ ያለፈ ታስታውሳላችሁ። አባቴ ስለ እኚህ ሰው ሲያወራ ሁሌ የሚደግማት ነገር አለች። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪ ሲያጠፋ ሌላው «ወይ ስምንተኛው ሺ!» ይላል። መምህሩ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ። ተማሪዎቹ ተጋግዘው አስረዷቸው። ሰውየው ሳቁና «የእኔም አያት ልክ እንዲህ ትላለች፤ ካሊ ዩጋ ነው ትላለች» አሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ 432,000 ብለው ጻፉና ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

አባቴ ቁጥሩን እስከ ዛሬ ይዞታል። ትርጉሙን ግን አልጠየቀም። እኔ ነኝ ካደግኩ በኋላ ፈልጌ ያነበብኩት።

በሂንዱዎች አስተምህሮ ዘመን እንደ መንኮራኩር ይዞራል። ዩጋ የሚሏቸው አራት ዘመናት ተራ በተራ ይመጣሉ፦ ሳትያ 1,728,000 ዓመት፣ ትሬታ 1,296,000፣ ድቫፓራ 864,000፣ ካሊ 432,000። ተማሪዎቼ፣ እስቲ ሬሾውን አውጡት። 4 ለ3 ለ2 ለ1 ይመጣላችኋል። ጽድቅን በበሬ ይመስሉታል። በመጀመሪያው ዘመን በአራት እግሩ ይቆማል፤ በየዘመኑ አንዳንድ እግር ያጣል፤ በካሊ ዘመን የቀረችው አንዲት እግር ብቻ ናት። ለእኛ ለገበሬ ልጆች ይሄ ምሳሌ አስተርጓሚ አይፈልግም።

አሁን ያለነው በዚያ በመጨረሻው፣ በካሊ ዘመን ውስጥ ነው ይላሉ። በባህላዊው አቆጣጠራቸው የገባው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ዓመት ነው። ወንድም ወንድሙን የሚከዳበት፣ ገንዘብ ያለው ብቻ የሚከበርበት፣ ልጅ አባቱን የማይሰማበት ዘመን ብለው ይገልጹታል። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። የእኛ ሰፈር እናቶች ቡና ላይ የሚሉትን ነው እኮ! ልዩነቱ፣ የእነሱ «ስምንተኛ ሺ» ሊያልቅ ገና ከ426 ሺ ዓመት በላይ ይቀረዋል።

አራቱ ዘመናት ሲደመሩ 4,320,000 ዓመት ይሆናሉ። ይሄ አንድ ዙር ነው። አንድ ሺ ዙር ደግሞ የብራህማ አንድ ቀን ነው፤ 4.32 ቢሊዮን ዓመት ማለት ነው። ሲመሽ ዓለም ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሌሊቱም ያንኑ ያህል ይረዝማል፤ ሲነጋ እንደገና ይፈጠራል። ብራህማ ራሱ በእንደዚህ ያለ ቀን የሚቆጠር መቶ ዓመት ይኖራል፤ በእኛ ዓመት ከ311 ትሪሊዮን ይበልጣል። ከዚያ እሱም ያልፋል።

አዎ፣ ዓለምን የሚሠራው ብራህማ ራሱ በጊዜ ውስጥ ነው። ከእሱ በላይ፣ ከጊዜ ውጭ ያለውን ብራህማን ይሉታል። አንዲት «ን» ናት የምትለያቸው፤ እንዳታምታታችሁ። ብራህማን አይጀምርም፣ አያልቅም፣ አይቆጠርም።

ዓለም ከዚያ ዘላለማዊ እንዴት ወጣ ሲባል ሊቃውንቶቻቸው ራሳቸው ይከራከራሉ። ከጥንት መጻሕፍታቸው አንዱ በሸረሪት ይመስለዋል፤ ሸረሪት ድሯን ከሌላ ቦታ አታመጣም፣ ከራሷ ታወጣለች፣ ወደ ራሷም ትመልሳለች። ሻንካራ የሚባለው ፈላስፋ፣ ብዝኃነት ያለው መስሎ የሚታየን በአላዋቂነታችን ነው፣ በእውነት ያለው አንዱ ብቻ ነው አለ። በኋላ የመጣው ራማኑጃ ይሄን ተቃወመ፤ ዓለም እውነት ናት፣ ለአምላክ እንደ አካል ናት፣ እሱም እንደ ነፍሷ ነው አለ። አምላክ ምንም ሳይጎድለው ለምን ፈጠረ ለሚለውም «ሊላ» ይላሉ፤ ጨዋታ እንደማለት፣ ከሙላት የሚመጣ እንጂ ከችግር የሚመጣ ያልሆነ ሥራ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሪግ ቬዳ ውስጥ ያለ አንድ የፍጥረት መዝሙር ነው። ዓለም እንዴት እንደተገኘ ሲጠይቅ፣ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ምናልባት ከላይ ሆኖ የሚያየው ያውቅ ይሆናል፣ ምናልባትም አያውቅ ይሆናል ብሎ ይዘጋል። ይሄን ያህል ድፍረት ያለው ጥያቄ፣ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ! እኛ ብንሆን ተማሪ እንዲህ ቢጠይቅ «ቁጭ በል» እንል ነበር።

የእኛው መስመርና ክብ

ኮሜንት ላይ «መምህር፣ ሂንዱ ሆንክ እንዴ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልሆንኩም። ማዕተቤ አንገቴ ላይ ነው። የሰው ቤት ማየት የራስን ቤት ያሳውቃል ብዬ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እግዚአብሔር ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣው። እንደ ሸረሪቷ ከራሱ አልፈተለውም። በስድስት ቀን 22 ሥነ ፍጥረት ፈጠረ፤ እሑድ ብቻ 8። ጊዜም ከፍጥረት ጋር ጀመረ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረት። ስለዚህ ዘንድሮ 2018 ማለት በዓመተ ዓለም 7518 ነው። ይሄ መስመር ነው። መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፣ መሃሉ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አለ።

ግን ደግሞ መስመሩ ውስጥ ክብ አለ። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ባሕረ ሐሳብ ሲያስረዱኝ መሬት ላይ በዘንግ ክብ በክብ ይሥሉልኝ ነበር። ዓውድ ማለት ዙሪያ ነው። ዓውደ ዕለት 7 ቀን፣ ዓውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዓውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ዓውደ ማኅተም 76፣ ዓውደ ቀመር 532። 19 በ28 ሲባዛ 532 ነው፤ ያኔ ፀሐይና ጨረቃ፣ ዕለትና በዓል ወደ ጀመሩበት ይገጥማሉ። 7518ን ለ4 አካፍሉት፤ 2 ይተርፋል። ስለዚህ ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው። ይሄን ያለ ካልኩሌተር የሚሠሩ ሰዎች አገር ነው የተወለድነው።

ሌላ ልጨምርላችሁ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ቀን ከነሌሊቱ 60 ኬክሮስ ነው። 24 ሰዓት ለ60 ሲካፈል 24 ደቂቃ። አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንድ ካልዒት 60 ሣልሲት እያለ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። ሕንዶቹስ? ቀኑን 60 ቦታ ከፍለው አንዱን ጋቲካ ይሉታል። እሱም 24 ደቂቃ! ታችዋ ቀዳዳ ያላት የመዳብ ጣሳ ውኃ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሞልታ እስክትሰጥም ያለው ጊዜ አንድ ጋቲካ ነው። በ60 መቁጠር ከጥንት ባቢሎን የመጣ ጥበብ ነው፤ ወደ እነሱም ወደ እኛም ደረሰ። የላስታ ደብተራና የሕንድ ብራህሚን ሳይተዋወቁ በአንድ መስፈሪያ ቀናቸውን ሰፍረዋል።

እነሱ በትሪሊዮን ይቆጥራሉ፣ እኛ በሺ። እነሱ ዘመን ይመለሳል ይላሉ፣ እኛ ይፈጸማል እንላለን። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው ብዬ አላቃልለውም። ሁለታችንም ግን አንድ ነገር ላይ ቆመናል፦ ቁጥሩ የፍጥረት ነው፣ ፈጣሪ ዘንድ አይደርስም። ዘላለም ማለት በጣም ረጅም ጊዜ ማለት አይደለም። 311 ትሪሊዮንም ብትሉት አንድ ቀን ያልቃል። ዘላለም ቁጥር የማይነካው ነው።

ስምንተኛው ሺ መቼ ገባ?

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ስምንተኛው ሺ የሚጀምረው 7000 ሞልቶ 7001 ሲገባ ነው። 7001 ሲቀነስ 5500፣ 1501 ዓመተ ምሕረት። ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ሰሞን ማለት ነው! ስለዚህ ስምንተኛው ሺ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። 500 ዓመት አልፎታል። እንደ ቁጥሩ ከሆነ ሊሞላ ደግሞ ገና 482 ዓመት ይቀረዋል።

ብዙም ሳይቆይ ያ የግራኝ ጦርነት መጣ። ስንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ስንት መጻሕፍት ጠፉ። ያኔ የነበረ ሰው «ይኸው ስምንተኛው ሺ፣ በቃ አለቀ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ግን አላለቀም። ከዚያ በኋላ ጎንደር ተቆረቆረች፤ የፋሲል ግንብ የስምንተኛው ሺ ሥራ ነው። አድዋ 1888 ነው፤ 5500 ስንደምርበት 7388። አድዋም የስምንተኛው ሺ ድል ነው።

ከአድዋ በፊት ደግሞ ክፉ ቀን ነበር፤ ከ1880 እስከ 1884 ገደማ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ጠፋ፣ አገሩ በረሃብ ተመታ። በሬው በአንድ እግሩ መቆሙ ቀርቶ ጭራሽ የለም። ያኔ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ ዘር እንዲጥል። በሬ ስለሌለ ዘመኑ አልቋል አልተባለም፤ ዶማ ተፈለገ። እኔና እናንተ በዚያ ዶማ የተቆፈረ መሬት ያበቀላቸው ሰዎች ልጆች ነን። አያት ቅድመ አያቶቻችን «ስምንተኛው ሺ ነው» ብለው ቁጭ ቢሉ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ የሚጽፍም የሚያነብም አይኖርም ነበር።

ሂንዱዎቹም ቢሆኑ ካሊ ዘመን ነው ብለው እጃቸውን አያጣጥፉም። በመጽሐፋቸው ውስጥ የሚገርም አባባል አለ፤ በደጉ ዘመን ብዙ ዓመት የሚጠይቀው በጎ ሥራ፣ በክፉው ዘመን በአጭር ጊዜ ያንኑ ዋጋ ያገኛል ይላል። ክፉ ዘመን የሥራ ዋጋ የሚወደድበት ገበያ ነው እንደማለት። እንዲያውም ትልቁ ትምህርታቸው፣ የድርሻህን ሥራ ፍሬውን ግን አትቁጠር የሚለው፣ በጦር ሜዳ መሃል ለቆመ ሰው የተነገረ ነው። በጦርነት መሃል! ለጋሸና ሰው ይሄም አስተርጓሚ አይፈልግም።

በእኛው እምነት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዘመን መንኮራኩር ከሆነ ያመለጠህ ነገር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዘመን መስመር ከሆነ ግን አይመለስም። 2018 አንድ ጊዜ ነው። የልጁ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ መጨረሻው ደርሷል ብሎ የሚያምን ሰው፣ ቀኑን ለማባከን ከሁሉ ያነሰ መብት ያለው እሱ ነው። ምጽአት ቀርቧል የሚል ቄስ ቅዳሴ አይተውም፣ ይልቁንም ይበረታል። ታዲያ እኛ ምጽአትን ለምን የደብተር መዝጊያ እናደርገዋለን?

እውነቱን እንነጋገር። «ስምንተኛው ሺ» ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ዘመን እያወራን አይደለም። ደክሞን ነው። መምህሩ ሳይዘጋጅ ሲገባ ስምንተኛው ሺ ነው ይላል። ተማሪው ሲኮርጅ፣ ነጋዴው ሲያጭበረብር፣ ሁሉም ስምንተኛው ሺ። ጥፋቱን ቀን መቁጠሪያው ላይ ለጥፎ ይሄዳል። እኔም ብዬዋለሁ፤ ደመወዝ ሲዘገይ፣ ክፍል ውስጥ ሲበርደኝ ብዬዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት የሳቅኩትም ለዚህ ነው። ልጁ የደገመው ከእኛ ከትልልቆቹ የሰማውን ነው።

እና ምን ይሁን?

ሐሙስ ተመልሼ መገንጠያው ላይ አገኘሁት። ሻይ ጋበዝኩትና ይሄንኑ ሒሳብ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ሠራሁለት። 7001 ሲቀነስ 5500። ከእኔ ቀድሞ ነው «1501» ያለኝ። ዝም ብሎ ቆየና «እና ቲቸር፣ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው እየተማረ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። «እየተማረም፣ እየተዋጋም፣ እያረሰም» አልኩት። «እማዬ ግን ዱቄቱን ከየት ታምጣ?» አለኝ። ለዚህች ጥያቄ ብራህማንም ባሕረ ሐሳብም መልስ የላቸውም። እኔና እናንተ ነን ያለን።

ተመልሶ ተመዘገበ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተመዘገበም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር አንድ ሰዓት ያህል እንዲመጣ ተስማምተናል። ያለፈውን ሒሳብ አብረን እናያለን። አንድ ሰዓት ማለት ሁለት ኬክሮስ ተኩል ነው። ትንሽ ናት። ግን የእኛ ናት።

ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ዐረብ አገርም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከክፍላችሁ ወይም ከሰፈራችሁ ያቋረጠ አንድ ልጅ አስቡ። አንድ ብቻ። ዛሬ ደውሉለት። ደብተር መግዛት የምትችሉ ደብተር፣ ለቤቱ አንድ ኩንታል ማድረስ የምትችሉ አንድ ኩንታል፣ ምንም የሌላችሁ ደግሞ «መቼ ነው የምትመለሰው?» የምትል ቃል። እዚሁ ጋሸና አካባቢ ያቋረጠ ልጅ ካለ ቅዳሜ ወደ እኔ ላኩት፤ ከዚያኛው ልጅ ጋር ይቀመጣል።

ላሊበላ ቤተ ማርያም የገባችሁ ታውቃላችሁ፤ መሃሉ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ዓምድ አለ። የዓለም መጀመሪያና መጨረሻ እላዩ ላይ ተጽፏል ይባላል። ልጅ ሆኜ ለጥምቀት አያቴ ጋ ስሄድ ጨርቁን ገልጬ ማየት ያምረኝ ነበር። አያቴ እጄን ያዘችና «ተወው ልጄ፣ እሱ የእኛ ንባብ አይደለም» አለችኝ።

አባቶች የዘመኑን መጨረሻ ሸፍነው ነው የተዉልን። ሳይሸፈን የተሰጠን የዛሬው ቀን ነው። 60 ኬክሮስ።

መልካም ሰንበት። ቅዳሜን አደራ።